ሳይጣራ የሚመዘገብ ቅርስ

እ.ኤ.አ. በ1955 ቶማስ ፓከንሃም የተባለ ወጣት ተጓዥ ጋይንት ቤተልሔም ደረሰ። ከፊቱ የቆመው በደቡብ ጎንደር ደጋ እንደሚታዩት ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ክብ፣ ሣር ክዳን ሕንፃ ነበር። ወደ ውስጥ ሲገባ ግን በክቡ ግድግዳ የተከበበ፣ ማዕዘናዊ ቅርጽ ያለው የመካከለኛው ዘመን የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን አገኘና ነገሩን እ.ኤ.አ. በ1959 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፍ ለዓለም አወራ። በዚያው ደብር ድጓ ሲያስተምሩ ለኖሩት መምህራን ይህ ምንም አዲስ ነገር አልነበረም፤ ቤተ ክርስቲያኑ ከእነሱ ጠፍቶ አያውቅም። ያልነበረው ልኬቱን፣ ንድፉንና የግንባታውን ደረጃዎች የያዘ ሰነድ ነው። አንድ መዝጋቢ ከፓከንሃም ቀድሞ መጥቶ ከቅጥሩ ውጭ ቆሞ የምዝገባ ቅጹን ቢሞላ ኖሮ «ክብ፣ ጣሪያው ሣር» ብሎ ይጽፍ ነበር። የጻፈው ሁሉ እውነት ሆኖ መዝገቡ ግን ዋናውን ነገር ይስተው ነበር።

ስለ ቅርስ ምዝገባ ስንነጋገር ብዙ ጊዜ የምንጠይቀው ስንት ሕንፃ ተመዘገበ ብለን ነው። ከቁጥሩ ይልቅ መታየት ያለበት እያንዳንዱ መዝገብ በዓይን የታየውን፣ በጽሑፍ የተገኘውንና በቃል የተነገረውን ለያይቶ መያዙ ይመስለኛል። ሦስቱ በአንድ ዓረፍተ ነገር ከተቀላቀሉ በኋላ የሚመጣ ተመራማሪ የቱን እንደሚያምን፣ የቱን እንደሚመረምር አያውቅም። የሕግ ማዕቀፉ አለ። አዋጅ ቁጥር 209/1992 የቅርስ ጥናትንና አጠባበቅን ይደነግጋል፤ አዋጅ ቁጥር 839/2006 ደግሞ ቅርሶችን በብሔራዊና በክልል ደረጃ ይመድባል። ሆኖም አዋጅ ለቅጹ ቦታ ይሰጣል እንጂ ቅጹን አይሞላም።

የጉዛራን ቤተ መንግሥት እንይ። እንፍራንዝ አጠገብ ያለው ይህ ግንብ ከፋሲል ግቢ ጋር በ1972 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። የተለመደው ታሪክ የሠራው አፄ ሠርፀ ድንግል ነው ይላል፤ ይህም ወደ 16ኛው መቶ ዘመን ይወስደዋል። አንዳንድ ተመራማሪዎች ግን አሠራሩ ከፋሲል ግንብ ጋር መመሳሰሉን አይተው ዘመኑን ወደ 17ኛው መቶ ዘመን ያወርዱታል። ከክርክሩ ጭብጦች አንዱ ድንጋዩን ያያያዘው ኖራ ነው፤ የኢየሱሳውያን ጽሑፎች ኖራ በአገሪቱ ግንባታ ላይ የዋለው ከሱስንዮስ ዘመን ጀምሮ መሆኑን ያወሳሉና። እዚህ ላይ ፈራጅ መሆን የመዝጋቢው ሥራ አይደለም። የእሱ ሥራ ኖራው ከየትኛው ግድግዳ እንደተወሰደ፣ የኋላ ጥገና ይሁን የመጀመሪያው ግንባታ፣ ማን መቼ እንዳየው መጻፍ ነው። «በሠርፀ ድንግል የተሠራ» ብሎ መዝጋት ጥያቄውንም አብሮ ይዘጋል።

ደብረ ታቦር ላይ ችግሩ ይገለበጣል፤ ታሪኩ ብዙ ነው፣ የቆመው ጥቂት። ከተማዋን ራስ ጉግሣ ቆረቆሯት፣ ራስ ዓሊ ተቀመጡባት፣ አፄ ቴዎድሮስ መናገሻ አደረጓትና በ1860 ዓ.ም. መግቢያ ወደ መቅደላ ሲነሱ አቃጠሏት። ከቤተ መንግሥቱ ብዙው እንጨት፣ ሣርና ድንኳን በነበረበት ዘመን የተቃጠለ ከተማ ግንብ ትቶ አይሄድም። አውሮፓውያን ባለ እጆች ለቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ የሠሩባት ጋፋትም እንዲሁ ናት። እንዲህ ባለ ቦታ ማስረጃ የሚገኘው ከመሬት በታች፣ በእቶን አመድና በማዕድን ዝቃጭ ነው። ስለዚህ የቆመ ግድግዳ ብቻ የሚፈልግ ቅጽ ጋፋትን ባዶ ሜዳ ያደርጋታል፤ ሜዳው ደግሞ ከዛሬ ነገ መንገድ ወይም መኖሪያ ሊሆን ይችላል። የቦታው ወሰን በጂፒኤስ ተለክቶ፣ «ያልተቆፈረ» ተብሎ መመዝገቡ ራሱ ጥበቃ ነው።

ይህን ያህል ማጣራት የአባቶችን ቃል መናቅ ነው የሚል ቅሬታ ይነሳል። መልሱ እዚያው ጋይንት አለ። በሌላ ጉባኤ ቤት ድጓ የተማረ ሰው ቤተልሔም ወርዶ ያስመሰክራል፤ ይህን ያስተማሩትን መምህር መድፈር ነው ያለ የለም። ቃልን ከነተናጋሪው፣ ከነቀኑ መጻፍም እንዲሁ ለቃሉ ምስክር ማቆም ነው። የባለቤቶች ሥጋት ግን በዋዛ የሚታለፍ አይደለም። ሕጉ ቅርስ በግለሰብም እጅ ሊሆን እንደሚችል ይቀበላል፤ በመመዝገቡ ብቻ ንብረት አይወሰድም። ቢሆንም የተመዘገበን ሕንፃ ያለ ፈቃድ መጠገን አይቻልም፤ የሚያፈስ ጣሪያ ደግሞ ክረምቱን ቆሞ ደብዳቤ አይጠብቅም። ፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት ከሰኔ በፊት መልስ ካልሰጠ ሰው ቅርሱን ከመዝጋቢ ቢደብቅ አይፈረድበትም። መዝገቡ ሌባ ይመራል የሚለው ፍርሃት ለንዋየ ቅድሳት ይሠራል፤ እነዚያ በተለየ፣ ለሕዝብ በማይከፈት መዝገብ ቢያዙ ይሻላል። ለግድግዳና ለጣሪያ ግን ፍርሃቱ አይገባም።

ገንዘቡ ከምዝገባ ይልቅ ለጥገና ይዋል የሚሉም አሉ፤ ግን ጥገናው ራሱ ሰነድ ይፈልጋል። የፓሪሱ ኖትር ዳም እ.ኤ.አ. በ2019 ሲቃጠል አንድሩ ታሎን የተባለ ምሁር ቀደም ብሎ በሌዘር የለካው ሰነድ ለመልሶ ግንባታው አገልግሏል፤ ላሊበላም በኬፕታውን ዩኒቨርሲቲ የዛማኒ ፕሮጀክት በዚሁ ስልት ተለክቷል። ሌዘር ለሁሉም አይደርስም። ሜትር፣ ካሜራና እርሳስ ግን ለብዙው ደብር ይበቃሉ። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ የአማራ ክልል ጦርነት ውስጥ ሲሆን፣ ሳይለካ የፈረሰን ነገር ማንም በነበረበት ሊመልሰው አይችልም።

ያልተጣራ ሰነድ ጥገናውንም ያበላሻል። ቤጌምድርንና ጎጃምን በዓባይ ላይ ያገናኘው ሰባራ ድልድይ በ17ኛው መቶ ዘመን፣ በፋሲል ዘመን የተሠራ ነው። በጣሊያን ወረራ ጊዜ ጠላት እንዳይሻገር አርበኞች መካከሉን ቆረጡት፤ ሰዎች ለአሥርት ዓመታት በገመድ እየተጎተቱ ተሻገሩ። ብሪጅስ ቱ ፕሮስፐሪቲ የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2002 ክፍተቱን በብረት ደፈነ፤ ይህን ጎርፍ በ2005 ወሰደው፣ በ2009 ተንጠልጣይ ድልድይ ተሠራ። መዝገቡ «የፋሲል ድልድይ» ብቻ ካለ፣ ነገ የሚመጣ ጠጋኝ ክፍተቱን በድንጋይ ሞልቶ ቅስቱን «እንደ ጥንቱ» ሊያደርገው ይችላል፤ ያኔ የአርበኞቹ ሥራ ከድልድዩ ላይ ይጠፋል። ስለዚህ በቅጹ ላይ «ጉዳት» በሚለው ረድፍ ስር የተቆረጠው ቅስት ሆን ተብሎ መሰበሩ፣ በማን እና ለምን እንደሆነ ከነምንጩ መጻፍ አለበት።