«አለ» እና ኃላፊ ጊዜው፦ አማርኛን በሁለተኛ ቋንቋነት ለሚያስተምሩ መምህራን

በኪራሙም ሆነ በሌሎች የወለጋ ከተሞች አፉን በኦሮምኛ የፈታ ሕፃን አማርኛን ሲማር ከሚያደናግሩት ግሦች አንዱ «አለ» ነው። ይህ ጽሑፍ የችግሩን ምክንያትና ማቃለያውን ለማመልከት ይሞክራል።

ሀ. የችግሩ ምንጭ

ተማሪው «ሄደ፣ መጣ፣ ሰማ» የኃላፊ ጊዜ ግሦች መሆናቸውን ከተረዳ በኋላ «አለ»ን ያገኛል። «ለ» ሲላላ ቃሉ «ተናገረ» ማለት ስለሆነ ደንቡን ይከተላል። ሲጠብቅ ግን መልኩ የኃላፊ ጊዜ ሆኖ ሳለ ፍቺው የአሁን ነው፤ ኃላፊ ጊዜውን የሚገልጸውም ሌላ ግሥ፣ ማለት «ነበረ» ነው። «አልሁ» ከ«አለሁ»፣ «አልን» ከ«አለን» በጽሕፈት ይለያሉ። «አለ፣ አለች፣ አላችሁ፣ አሉ» ግን ፊደላችን መጥበቅንና መላላትን ስለማያሳይ አይለዩም። ስለዚህ «ጫልቱ ኪራሙ አለች» የሚለው ዓረፍተ ነገር ጫልቱ ያለችበትን ቦታ ወይም የተናገረችውን ቃል ሊያመለክት ይችላል።

ለ. ተማሪው ይዞት የሚመጣው ዕውቀት

ኦሮምኛም ለአሁኑ «ጂራ»፣ ለኃላፊው «ቱሬ» በማለት በሁለት ግሦች ይጠቀማል፤ «ተናገረ» ለማለት ደግሞ «ጄዼ» አለው። እንግዲህ ለሕፃኑ ሐሳቡ አዲስ አይደለም። አዲስ የሚሆንበት የጽሕፈቱ ዝምታ ነው፤ ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ በትምህርት ቤት በሚሠራበት ቁቤ የሚጠብቅ ድምፅ ፊደሉ ተደግሞ ይጻፋልና። እንዲህ ያለው መመሳሰል በሌላም ቋንቋ አለ፤ በስፓኝኛ «ፉዌ» የሚለው የኃላፊ ጊዜ ቃል «ሄደ»ም «ነበረ»ም ማለት ሲሆን፣ የሚለየው በዐውዱ ነው።

ሐ. የማስተማሪያ ዘዴ

1. መምህሩ ሁለቱን ቃላት አጥብቆና አላልቶ እያነበበ ተማሪዎቹ ልዩነቱን በጆሯቸው እንዲለዩ ያድርግ።

2. ዓረፍተ ነገሩን በአሉታ ያስለውጥ። ቦታን የሚያመለክተው «የለችም»፣ ንግግርን የሚያመለክተው «አላለችም» ይሆናል።

3. «ትናንት» የሚለውን ቃል ያስጨምር። የመጀመሪያው «ጫልቱ ትናንት ኪራሙ ነበረች» ይሆናል፤ ሁለተኛው «አለች» እንዳለ ይቀራል።

ፈተና አዘጋጆችም ቃሉን ያለ በቂ ዐውድ ከማቅረብ ሊቆጠቡ ይገባል። ፊደሉ ያልገለጸውን ልዩነት ሳይለይ የቀረ ሕፃን ሰነፍ ተብሎ ነጥብ ቢጎድልበት፣ የተመዘነው የቋንቋ ችሎታው አይሆንም።