ፈጣን ሰርቨር፣ ዘገምተኛ ገጽ

ወንድሜ ለእማዬ የጥልፍ ሥራ ድረ ገጽ ሠራላት። ሰርቨሩን የጻፈው ጎ በሚባል የጉግል ቋንቋ ነው። ጎ ኮዱ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ወደ ማሽን ቋንቋ ስለሚለወጥ ፈጣን ነው። ግን ገጹ በእማዬ ስልክ አልከፈት አለ! ፓኬጇንም ጨረሰባት።

«ፈጣን ነው አላልክም?» አልኩት። ለካ ሰርቨሩ ቶሎ ቢመልስም አንዱ ፎቶ ብቻ 4 ሜጋባይት ነበር! ጎበዝ ሯጭም ቢሆን ኩንታል ተሸክሞ አይሮጥም።

ስለዚህ፦
1. ፎቶዎቹን አሳነሰ፤
2. ጽሑፉን በጂዚፕ ጨመቀ፤
3. የታችኞቹ ፎቶዎች ሰው ወደ ታች ሲወርድ ብቻ እንዲመጡ አደረገ፤
4. አንዴ የመጣው ስልኩ ላይ እንዲቀመጥ አደረገ።

አሁን ቶሎ ይከፈታል። እማዬም «አሁን ገና ደንበኛ ያየዋል» አለች።

እናንተም ድረ ገጽ ስትሠሩ መጀመሪያ በእናታችሁ ስልክ ሞክሩት።