የሼክ ሁሴን መንገደኛና የዕለት ክኒኑ

ለዐረፋ በዓል ወደ ድሬ ሼክ ሁሴን የሚወርደው ሕዝብ ከአርሲና ከሐረርጌ፣ ከሮቤና ከጎባም ይነሣል። ጫፉ መንታ የሆነውን በትር ይዞ፣ ስንቁን ቋጥሮ፣ ከፊሉ በእግሩ፣ ከፊሉ በመኪና ይጓዛል። ከባሌ ደጋ የሚነሣው በጊኒር በኩል ያልፋል። ሌሊቱን የሚያሳልፈው ከማያውቀው ሰው ጋር ጎን ለጎን ተኝቶ ነው።

ከዚህ ሕዝብ መካከል በየዕለቱ በተወሰነ ሰዓት አንዲት ክኒን መዋጥ ያለበት ሰው አይጠፋም። ኤች አይ ቪ በደሙ ውስጥ ይገኛል። መድኃኒቱን እስከወሰደ ድረስ ግን እንደ ጎረቤቱ ያርሳል፣ ያጭዳል፣ ልጅ ያሳድጋል። የዚህ ሰው ችግር ብዙውን ጊዜ መርሳት አይደለም። ብልቃጡ በከረጢት ውስጥ ሲንኮሻኮሽ የሚሰማ፣ ሲውጥም የሚያይ ጓደኛ አለ። ስለዚህ ስመለስ እቀጥላለሁ ብሎ ክኒኑን ቤት ጥሎ ይሄዳል።

ጉዳቱ የሚጀምረው ከዚህ ነው። መድኃኒቱ ቫይረሱን ከሰውነት ጨርሶ አያጠፋውም፤ እንዳይራባ አፍኖ ይይዘዋል እንጂ። ሲቋረጥ በሳምንታት ውስጥ መራባቱን ይቀጥላል። እየተዘለለ ሲወሰድ ደግሞ ቫይረሱ መድኃኒቱን ይለምዳል። የሲናና ወይም የአጋርፋ ስንዴ አምራች ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ፀረ አረም ከልኩ በታች እየተረጨ የኖረ ማሳ ውሎ አድሮ በሙሉ መጠን የማይበገር አረም ያበቅላል። ሐኪሞች ለረጅም ዓመታት ሲናገሩት የኖሩት ልክ 95 ከመቶ ሲሆን፣ ይህም ከወሩ 30 ክኒን ከአንድ በላይ እንዳይጎድል ማለት ነው። የአሁኑ መድኃኒት ከቀድሞው ይልቅ ጠንካራ ቢሆንም ለመዘናጋት ፈቃድ አይሰጥም።

በአገራችን የበሽታው ሕሙማን ለመጀመሪያ ጊዜ የታዩት በ1978 ዓ.ም ነበር። መድኃኒቱ በነፃ መታደል የጀመረው በ1997 ዓ.ም ሲሆን፣ በዚያን ጊዜ በቀን ሁለት ጊዜ የሚወሰዱ ክኒኖች ነበሩ። አሁን ግን ሦስት መድኃኒት በአንድ ላይ የያዘችው ክኒን በቀን አንድ ጊዜ ትወሰዳለች። ቀጠሮውም ተቃልሏል። ከ2010 ዓ.ም ወዲህ ሁኔታው የተረጋጋ ታካሚ የስድስት ወር መድኃኒት በአንድ ጊዜ ይዞ መመለስ ይችላል። ከደሎ ቆላ ወደ ጎባ ሪፈራል ሆስፒታል ለሚመላለስ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

እንግዲህ የቀረው እንቅፋት በአብዛኛው በሰፈር ውስጥ ነው። የቦና አዝመራ ደርሶ ኮምባይነር ተራ ሲያዝ የቀጠሮው ቀን ይታለፋል፤ ተራውን ቢያስተላልፍ ስንዴው ዝናብ ይመታዋል፤ ምክንያቱን ቢናገር ሰው ያውቅበታል። የገበሬ ማኅበር መሪ እዚህ ላይ ብዙ ሊሠራ ይችላል። ሰው ሐኪም ቤት ቀጠሮ አለኝ ሲል ከልማት ሥራው ወይም ከስብሰባው በሌላ ቀን ማቀያየር፣ ምን በሽታ ነው ብሎም አለመጠየቅ ነው። በስብሰባ ላይ የሕሙማንን ስም ጠርቶ እርዳታ መመዝገብ ግን፣ ለበጎ ታስቦም ቢሆን፣ ሰውየውን ከመድኃኒቱ ያርቀዋል። እንዲህ ያለውን ጉዳይ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ መተው ይሻላል።

ወደ ሼክ ሁሴን የሚሄድ ሰው ፈውስ ፍለጋ ቢሄድ የሚያስወቅሰው ነገር የለም። ክፋቱ ዱዓውና ክኒኑ አንዱ ሌላውን የሚያስቀር ሲመስለው ነው። በክርስቲያኑ ዘንድም በጠበል ምክንያት ተመሳሳይ ችግር ደርሶ ነበር። በ1999 ዓ.ም ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጠበልና መድኃኒት እንደማይጣሉ በይፋ መናገራቸው ይታወሳል። በባሌም ሼኮችና የመንገድ አስተባባሪዎች ከጉዞው በፊት ቢናገሩት ከማንም ይልቅ ይሰማሉ።

ለተጓዡ የሚጠቅመው ቀላል ነው። ክኒኑን ከብልቃጡ ጥጥ ጋር አድርጎ ቢይዝ አይንኮሻኮሽም። ከጉዞው ቀናት የሚተርፍ አስቀድሞ መያዝ አለበት። የክትትል ካርዱን ከያዘ ቢጠፋበት እንኳ ሕክምናው በሚሰጥበት ሌላ ጤና ተቋም ለመንገድ የሚሆነውን መጠየቅ ይችላል። በረመዳን የሚጾመው በኢፍጣር ወይም በሱሑር ሰዓት ለይቶ ይወስዳል። ሰዓት ያለፈበት እንዳስታወሰ ይዋጥ፤ የሚቀጥለው ሰዓት ከቀረበ ግን ሁለት ደርቦ አይውሰድ።

በደም ምርመራ ቫይረሱ የማይታይበት ደረጃ የደረሰና በዚያው የዘለቀ ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ለትዳር ጓደኛው አያስተላልፍም። ይህን ብዙ ባልና ሚስት ገና አልሰሙትም። በሚቀጥለው ስብሰባ ላይ፣ የማንም ስም ሳይነሣ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ እንድትናገረው አሥር ደቂቃ ቢሰጣት ይበቃል።