ከገበያ የተገዛው አዲስ ዝርያ

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። ሳይንስ ለማያውቀው እንስሳ ስም የሚያወጡት ግን ሰዎች ናቸው፤ ያውም ስንት ነገር ቆጥረውና ለክተው። እንዴት? ከጥልቅ ባሕር ወጥቶ ገበያ ላይ የተገኘ አንድ እንስሳ ጥሩ ምሳሌ ይሆነናል።

እ.ኤ.አ. በ2022 የሃኖይ ተመራማሪዎች ኩዊ ኞን በምትባል የቬትናም የባሕር ዳርቻ ከተማ አራት ትልልቅ እንስሳት ገዙ። ሁለቱን ሲንጋፖር ለሚገኙት የሸርጣን ባለሙያ ለፕሮፌሰር ፒተር ንግ ላኩላቸው። እንስሳቱ ለዓሣ አጥማጆቹ እንግዳ አልነበሩም። እንዲያውም «ከሎብስተር ይጣፍጣሉ» እየተባለ ዋጋቸው ጨምሮ ነበር። አዲስ የሆኑት ለሳይንስ ነው።

ለመሆኑ ምንድን ናቸው?

እርጥብ ድንጋይ ወይም የበሰበሰ ግንድ ስትገለብጡ ግራጫ፣ ጀርባዋ በተደራረበ ቅርፊት የተሸፈነ፣ ብዙ እግር ያላት ትንሽ ፍጥረት አይታችሁ ታውቃላችሁ? አንዳንዶቹ ሲነኩ እንደ ኳስ ይጠቀለላሉ። ነፍሳት ይመስላሉ እንጂ አይደሉም፤ የሸርጣንና የሽሪምፕ ዘመዶች ናቸው። አይሶፖድ ይባላሉ። ቃሉ ከግሪክ የመጣ ሲሆን ትርጉሙ «እኩል እግር» ነው፤ ሰባቱ ጥንድ እግሮቻቸው ስለሚመሳሰሉ።

አሁን ያቺን ትንሽ ፍጥረት ከ30 ሴንቲ ሜትር ማስመሪያ በላይ አድጋ አስቧት። ባቲኖመስ ማለት ይኸው ነው! የፀሐይ ብርሃን በማይደርስበት የባሕር ወለል ላይ፣ ከላይ የሚወድቀውን የዓሣና የዓሣ ነባሪ ሬሳ እየበላ ይኖራል። ምግብ የሚገኘው አልፎ አልፎ ስለሆነ ረሃብን ይችላል። ጃፓን ውስጥ በቶባ አኳሪየም የነበረ አንድ ባቲኖመስ ከ2009 ጀምሮ እስከሞተበት እስከ 2014 ድረስ፣ ከአምስት ዓመት በላይ፣ ሳይበላ ቆይቷል።

አዲስ መሆኑ በምን ይታወቃል?

«እንዲህ ዓይነት አይቼ አላውቅም» ማለት አይበቃም። መጀመሪያ ቀድሞ የታወቁት ዘመዶቹ ሁሉ መፈተሽ አለባቸው። የመጀመሪያውን ባቲኖመስ የገለጹት ፈረንሳዊው አልፎንስ ሚልን-ኤድዋርድስ ናቸው፤ በ1879 ከሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ በተገኘ ናሙና። ከዚያ ወዲህ የተገለጹት ሌሎቹም ጽሑፋቸውና ሥዕላቸው፣ ሙዚየም ውስጥ የተቀመጠው ናሙናቸውም አለ።

ቀጥሎ ማወዳደር ነው። ጅራቱ ጫፍ ላይ ስንት እሾህ አለ? ጭንቅላቱ ከፊት ሲታይ ምን ይመስላል? የእግሮቹ መነሻ ቅርጽስ? ታዲያ ልዩነት ስለተገኘ ብቻ አዲስ ዝርያ አይባልም። ልዩነቱ ከዕድሜ፣ ከፆታ ወይም ከጉዳት የመጣ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከተቻለ ብዙ ናሙና፣ ወንድም ሴትም፣ ማየት ይመረጣል። ዲኤንኤም ያግዛል።

የቬትናሞቹ ሲመረመሩ አስገራሚ ነገር ተገኘ፦ በአገሪቱ ያሉት ግዙፍ ባቲኖመሶች ሁለት ዓይነት ነበሩ። አንዱ በ2017 የተገለጸው ባቲኖመስ ጄምሲ ነው። ሌላው ግን ከታወቁት ከአንዱም ጋር አልገጠመም። እስከ 32.5 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል፤ ከአንድ ኪሎ በላይም ይመዝናል። ጭንቅላቱ የ«ስታር ዎርስ» ፊልሙን የዳርዝ ቬደርን የራስ ቁር ስለሚመስል ባቲኖመስ ቬደሪ ተባለ። በእኛ ልማድ የራስ ስም ይቀድማል፣ የአባት ስም ይከተላል። በሳይንስ ግን ተቃራኒው ነው፤ የወገኑ ስም ቀድሞ የራሱ ይከተላል።

ስሙ የጸናው በጥር 2025 ዙኪስ በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ ከሙሉ መግለጫው ጋር ሲታተም ነው። ለዝርያው መለኪያ የሚሆን አንድ ናሙናም ይመረጣል። ወደፊት «ይሄኛውስ ቬደሪ ነው?» ብሎ የሚጠራጠር ሰው የሚያመሳክረው ከእሱ ጋር ነው።

ስም ባይኖረውስ?

«በቃ፣ ስም ብቻ አይደለም እንዴ?» ትሉ ይሆናል። ነገሩ ወዲህ ነው። በ2017 በሜክሲኮ የዩካታን ባሕረ ገብ መሬት አቅራቢያ አንድ ባቲኖመስ ተያዘ። መጀመሪያ የዚያው የ1879ኙ ዝርያ አባል መስሎ ነበር። በደንብ ሲታይ ግን ሰውነቱ ቀጠን ያለ ሌላ ዝርያ ሆነና በ2022 ባቲኖመስ ዩካታነንሲስ ተብሎ ተሰየመ።

አሁን ወደ ገበያው እንመለስ። ሁለት ዝርያዎች በአንድ ቅርጫት፣ በአንድ ስም ይሸጣሉ እንበል። አንደኛው እየተመናመነ ቢመጣ ቅርጫቱ በሌላኛው ይሞላል፤ ማንም ልብ አይልም። የባቲኖመስ እናት ደግሞ እንቁላሎቿን ሆዷ ሥር ባለ ከረጢት ይዛ ነው የምታሳድገው። እንቁላሎቹ ትልልቅ ናቸው፤ ቁጥራቸው ግን እንደ ብዙዎቹ የባሕር እንስሳት አይበዛም። በብዛት ከተጠመደ ቶሎ ላይተካ ይችላል። ይህን ዝርያ በልክ እናጥምድ ለማለት መጀመሪያ የትኛው እንደሆነ ለይቶ መጥራት ያስፈልጋል።

እናንተም ልምምዱን ከጓሮ መጀመር ትችላላችሁ። እርጥብ ድንጋይ ገልብጡና ያቺን ትንሽ አይሶፖድ ፈልጉ። እግሮቿን ቁጠሩ፤ ሰባት ጥንድ መሆን አለባቸው። ሁለት ካገኛችሁ ደግሞ አስተያዩአቸው፦ ቀለማቸው፣ የጅራታቸው ቅርጽ፣ መጠቅለል መቻላቸው አንድ ነው? ስትጨርሱ ድንጋዩን ቀስ አድርጋችሁ ወደ ቦታው መልሱት።