ስንት አሳለፋችሁ?

የ12ኛ ክፍል ውጤት በወጣ ማግስት ካዛንቺስ ውስጥ መምህር መሆኔን የሚያውቅ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፦ «ስንት አሳለፋችሁ?» ቂርቆስ ክፍለ ከተማ በሚገኝ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ አስተምራለሁ፤ የ12ኛ ክፍል ስም ጠሪም ነኝ። ጠያቂው የሚፈልገው አንድ ቁጥር ነው። እኔን ደግሞ ሙያዬ ሆኖ «ከስንት?» ማለት ይቀናኛል።

ከአገሩ ቁጥር ልጀምር። ቀደም ሲል የዩኒቨርሲቲ መግቢያው ነጥብ የሚቆረጠው ባለው ቦታ ልክ ነበር። ፈተናውም በየትምህርት ቤቱ ይሰጥ ስለነበር ኩረጃውን የማያውቅ የለም፤ በ2008 ዓ.ም. የእንግሊዝኛው ፈተና አስቀድሞ በማኅበራዊ ሚዲያ ወጥቶ ፈተናው በሙሉ እስከመቋረጥ ደርሷል። ከ2014 ተፈታኞች ጀምሮ ግን ፈተናው ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገባ፣ ማለፊያውም 50 ከመቶ ሆነ። ያን ጊዜ ወደ 896 ሺህ ከሚጠጉ ተፈታኞች ያለፉት 29,909 ብቻ ነበሩ፤ 3.3 ከመቶ። 1,161 ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። አገር ደነገጠ። እኛ መምህራኑ አዘንን እንጂ ብዙም አልደነገጥንም፤ በየክፍሉ በየቀኑ የምናየው እሱን ነበርና።

በ2017 መጠኑ 8.4 ከመቶ ደረሰ፤ 585,882 ተፈትነው 48,929 አለፉ። ያለፉት በ19 ሺህ ስለጨመሩ መሻሻል የለም አልልም። ነገር ግን ተፈታኙ ከ300 ሺህ በላይ ቀንሷል። እነዚያኑ 48,929 ልጆች ለ2014ቱ ተፈታኝ ብናካፍላቸው ውጤቱ 5.5 ከመቶ ገደማ ነው። በአማራ ክልል በግጭቱ ምክንያት ትምህርት ቤታቸው የተዘጋባቸው ልጆች ደግሞ በ2017ቱ ክፍልፋይ ከላይም የሉም፣ ከታችም የሉም።

መጠን ለማሳደግ ከተፈለገ እኮ ቀላል ነው፤ ደካማውን 11ኛ ክፍል ላይ ማስቀረት ነው። የገቡትን በሙሉ አሳለፉ ተብለው በየዓመቱ የሚወደሱት አዳሪ ትምህርት ቤቶች በአብዛኛው ከመጀመሪያውም መርጠው ያስገቡ ናቸው። ልፋታቸውን አላጣጥልም። የእኔ ትምህርት ቤት ግን በሰፈሩ ያለውን ልጅ ሁሉ ይቀበላል፤ ሥራውም ይኸው ነው።

ሰፈር ስል ደግሞ የትኛው ሰፈር? በ2017 ካዛንቺስ ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ ብዙ ቤተሰብ ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌሎች የከተማው ዳርቻዎች ሄደ። ከተማሪዎቼ መሸኛ ወስደው የተዛወሩ አሉ። 12ኛ ክፍል ላይ ትምህርት ቤት መቀየሩን ፈርተው የቀሩም አሉ። ገላን ጉራ የሚያድረው ልጅ ገና ሳይነጋ አውቶቡስ ተሰልፎ ይመጣል፤ ስም ስጠራ አንዳንዴ ይደርሳል፣ አንዳንዴ አይደርስም። ከትምህርት ሰዓት በኋላ ለምንሰጠው ማጠናከሪያ ግን አይቀመጥም፤ ሳይመሽ ሰልፉን መያዝ አለበት። በሮስተሩ ላይ የሚታየው «ቀሪ» የሚለው ብቻ ነው።

ይህን ሁሉ የምለው ጥፋቱን ከእኛ ላይ ለማውረድ አይደለም። ባለፈው ሞዴል ፈተና አንድ ጎበዝ የምንለው ልጅ ደሪቬቲቩን አንድም ሳይስት አውጥቶ፣ የመጨረሻው መስመር ላይ ሲደርስ አንድ ሁለተኛና አንድ ሦስተኛን ደምሮ «ሁለት አምስተኛ» ብሎ ጻፈ። ወረቀቱን ይዤ ብዙ ቆየሁ። የ12ኛ ክፍሉን ትምህርት ያውቀዋል፤ የጎደለው የ5ኛ ክፍሉ ነው። ማንም ያላየለት ጉድለት ሰባት ዓመት አብሮት እየተዛወረ መጥቶ እኔ ዘንድ ደረሰ። የብሔራዊ ፈተናው ማረሚያ መሣሪያ ደግሞ የሚያየው የተመረጠችውን ፊደል ብቻ ነው፤ ስሌቱን አይቶ ግማሽ ነጥብ አይሰጥም። የሚወድቁት በአብዛኛው እንዲህ ያሉ ልጆች ናቸው፤ ምንም የማያውቁ አይደሉም።

50 ሳይሞሉ በሪሚዲያል (በአቅም ማሻሻያ ትምህርት) የሚገቡትም ይረሳሉ። ሚኒስቴሩ ያወጣውን የሪሚዲያል መቁረጫ ያሟላ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ያንን ትምህርት ካለፈ ፍሬሽማን ይሆናል። ሰፈሩ ግን «ወድቋል» ብሎ ጨርሷል፤ አባትየውም ሰው ሲጠይቀው ርዕስ ይቀይራል። ሪሚዲያል ደርሶት ሳለ አፍሮ የቀረ ተማሪ አውቃለሁ። ይህ የነጥብ ጉዳይ አይደለም፤ የእኛ የትልልቆቹ ጥፋት ነው።

ወላጆች ትምህርት ቤት የሚመጡት ብዙውን ጊዜ ሰኔ ላይ፣ ልጁ ሊፈተን ሳምንታት ሲቀሩት ነው። «ቲቸር፣ እባክህ አንድ ነገር አድርግልኝ» ይሉኛል። በዚያን ጊዜ የማደርገው በጣም ጥቂት ነው። ልጃችሁ 9ኛ ክፍል በገባ በጥቅምቱ ኑ። የሒሳብ ደብተሩን ይዛችሁ ኑ፣ የክፍልፋይ ጥያቄ አብረን እንስጠው።