ስለ እሳት፦ የጋዝ ተርባይን አራቱ የአነዳድ ደረጃዎች



የዛሬው ትምህርታችን ስለ እሳት ነው። «እሳትማ እናውቃለን፤ ያደግነው በምድጃ ዳር ነው» ትሉ ይሆናል። እውነት ነው። የዛሬው እሳት ግን በትልቅ የብረት ማሽን ውስጥ እየነደደ ከተማን ሙሉ የሚያበራ እሳት ነው። ማሽኑ ጋዝ ተርባይን ይባላል።

በአገራችን ኤሌክትሪክ በአብዛኛው የሚገኘው ከወንዝ ውሃ ነው። በሳውዲ ዓረቢያና በኤምሬቶች ግን በብዛት የሚገኘው ከሚነድ ጋዝ ነው። ከእናንተ መካከል ልጁ ወይም እኅቱ ለሥራ ወደዚያ የሄደችበት ሰው አይጠፋም። እነዚያ ልጆች የሚተነፍሱት አየር ንጹሕ መሆን አለመሆኑ ከዚህ እሳት አነዳድ ጋር የተያያዘ ነው።

ሁለት ዓይነት ነበልባል

እስቲ ከምናውቀው እንነሣ። ኩራዝ ስታበሩ ነበልባሉ ቢጫ ነው። ግድግዳውንም በጥላሸት ያጠቁራል። ለምን? ላምባው በክሩ ሽቅብ ይወጣል፤ አየሩ ደግሞ ከውጭ ይመጣል። ሁለቱ የሚገናኙት እዚያው እሳቱ ዘንድ ነው።

የቡታጋዝ ምድጃ ግን ሌላ ነው። ጋዙ ገና ሳይነድ ከአየር ጋር ይቀላቀላል። ከዚያ በኋላ ይነድዳል። ነበልባሉም ሰማያዊ ነው፤ ድስት አያጠቁርም።

እንግዲህ ይህን ልብ በሉ። አንደኛው እሳት ነዳጅና አየር እየተገናኙ የሚነድ ነው። ሁለተኛው ነዳጅና አየር ቀድመው ተቀላቅለው የሚነድ ነው። የዛሬው ትምህርት በሙሉ በእነዚህ ሁለት እሳቶች ላይ ያረፈ ነው።

ማሽኑ እንዴት ይሠራል?

ጋዝ ተርባይን ሦስት ዋና ክፍሎች አሉት። የመጀመሪያው ኮምፕሬሰር ነው። እንደ ብረት ቀጥቃጭ ወናፍ አየር ይስባል፤ አየሩንም ይጨምቃል። ሁለተኛው ማቃጠያው ነው። በተጨመቀው አየር ውስጥ ጋዙ ይነድዳል። ሦስተኛው ተርባይኑ ራሱ ነው። የጋለው አየር ክንፎቹን እየመታ ዘንጉን ያሽከረክራል። ዘንጉም ጄነሬተሩን ያዞራል፤ ኤሌክትሪክ ይወጣል።

ለሕዝብ ኤሌክትሪክ ለማመንጨት የመጀመሪያው ጋዝ ተርባይን እ.ኤ.አ. በ1939 በስዊዘርላንድ አገር በኑሻቴል ከተማ ተተከለ። ጉልበቱ 4 ሜጋዋት ነበር። ዛሬ ፍሬም ዘጠኝ ኢ የሚባለው የጄኔራል ኤሌክትሪክ ማሽን ብቻውን ከ100 ሜጋዋት በላይ ይሰጣል። ይህ ማሽን 14 ማቃጠያዎች አሉት። እንደ በርሜል ያሉ ናቸው፤ በማሽኑ ዙሪያ ተደርድረዋል። ካንዴላ ያላቸው ግን ሁለቱ ብቻ ናቸው። ታዲያ ሌሎቹ እንዴት ይቀጣጠላሉ? በመካከላቸው አገናኝ ቱቦ አለ። ልክ እኛ ከጎረቤት እሳት እንደምንጭረው፣ አንዱ ከሌላው እሳት ይቀበላል።

ችግሩ ምንድን ነው?

በድሮዎቹ ማሽኖች የሚነደው እሳት እንደ ኩራዙ፣ እየተገናኙ የሚነድ ነበር። ይህ እሳት ጠንካራ ነው፤ በቀላሉ አይጠፋም። ነገር ግን ነዳጅና አየር በሚገናኙበት ቦታ ሙቀቱ ወደ 2,000 ዲግሪ ይደርሳል፤ ከዚያም ያልፋል።

ከምንተነፍሰው አየር ከ100 እጅ 78 እጁ ናይትሮጅን ነው። ናይትሮጅን በምድጃችን ሙቀት ዝም ብሎ ያልፋል። ሙቀቱ ከ1,500 ዲግሪ እያለፈ ሲሄድ ግን ከኦክሲጅን ጋር ይጣመራል። ናይትሮጅን ኦክሳይድ የሚባል መርዘኛ ጋዝም ይፈጠራል። ይህ ጋዝ ሳንባን ይጎዳል፤ አስም ያለበትን ሰው ያስጨንቃል። ከዝናብ ጋር ሲወርድም ዝናቡን አሲድ ያደርገዋል።

መጀመሪያ የተገኘው መፍትሔ እሳቱ ላይ ውሃ እየረጩ ሙቀቱን መቀነስ ነበር። ይህ ብዙ የተጣራ ውሃ ይፈጃል። በበረሃ አገር ያን ያህል ውሃ ከየት ይመጣል? ስለዚህ መሐንዲሶቹ ወደ ሁለተኛው ዓይነት እሳት ዞሩ። ጋዙን ከብዙ አየር ጋር አስቀድመው ቢቀላቅሉት ሙቀቱ ይቀንሳል፤ መርዙም ያንሳል።

ግን አንድ ችግር አለ። ሽሮ ውሃ ሲበዛበት እንደሚቀጥን ሁሉ፣ አየር የበዛበት ጋዝም ይቀጥናል። የቀጠነ ድብልቅ እሳቱ ስስ ነው። ማሽኑ ገና ሲነሣ በዚህ እሳት ልጀምር ቢል እልም ብሎ ይጠፋል። ስለዚህ እንደ መኪና ማርሽ በደረጃ ይኬዳል።

አራቱ ደረጃዎች

በዚህ ዓይነት ማሽን እያንዳንዱ ማቃጠያ የፊት ክፍልና የኋላ ክፍል አለው። በሁለቱ መካከል ጠባብ ወገብ አለ። አየሩ በወገቡ ሲያልፍ ይፈጥናል።

1ኛ. መነሻ። ጋዝ የሚገባው ለፊት ክፍል ብቻ ነው፤ የሚነደውም እዚያ ነው። እሳቱ እንደ ኩራዝ ነው። ማሽኑ ከሚነሣበት ጀምሮ የሙሉ ጉልበቱን 20 በመቶ ገደማ እስኪደርስ በዚህ ይቆያል።

2ኛ. ሁለቱም ክፍሎች ይነድዳሉ። ጋዙ ለሁለቱም ይከፋፈላል። ከ20 እስከ 50 በመቶ ገደማ ይህ ነው።

3ኛ. መሸጋገሪያ። ጋዙ በሙሉ ወደ ኋላ ክፍል ይዞራል። የፊት ክፍል እሳት ሆን ተብሎ እንዲጠፋ ይደረጋል። ይህ የሚቆየው ለአጭር ጊዜ ነው።

4ኛ. የተቀላቀለ። አሁን አብዛኛው ጋዝ ተመልሶ ወደ ፊት ክፍል ይገባል። ነገር ግን እዚያ እሳት የለም! ስለዚህ ከአየር ጋር ይቀላቀላል እንጂ አይነድም። የሚነደው ወገቡን አልፎ የኋላ ክፍል ሲደርስ ነው። ይህ እንደ ቡታጋዙ ነው። ከ50 በመቶ ገደማ እስከ ሙሉ ጉልበት የሚሠራበት ደረጃ ነው።

ልዩነቱ ምን ያህል ነው? ማሽኑ በድሮው አነዳድ ሲሠራ ከአንድ ሚሊዮን እጅ ጭስ ውስጥ ከ100 እጅ በላይ ናይትሮጅን ኦክሳይድ ይወጣል። በአራተኛው ደረጃ ወደ 25 እጅና ከዚያም በታች ይወርዳል። ጋዙ ያው ነው፤ አየሩም ያው ነው። የተለወጠው አገናኛቸው ብቻ ነው።

ጠባቂ የሚያስፈልገው እሳት

አራተኛው ደረጃ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ድብልቁ በጣም ከቀጠነ እሳቱ ይጠፋል። አንዳንዴም እሳቱ ወገቡን አልፎ ወደ ፊት ክፍል ይመለሳል። ይህን የሚያዩ ነበልባል ጠባቂ መሣሪያዎች በማቃጠያዎቹ ላይ ተተክለዋል። እሳቱ ያለ ቦታው ሲታይ ማሽኑ ወደ ሁለተኛው ደረጃ ይወርዳል። መብራት አይጠፋም፤ ጭሱ ግን ይቆሽሻል።

ሌላም ነገር አለ። ሌሊት ሰው ሲተኛ የመብራት ፍጆታ ይቀንሳል። ሁለት ማሽን እያንዳንዱ በ40 በመቶ ቢሠራ ሁለቱም ሁለተኛው ደረጃ ላይ ናቸው። አንዱን አጥፍቶ ሌላውን በ80 በመቶ ማሠራት ያንኑ ኤሌክትሪክ ይሰጣል፤ አየሩ ግን ይጸዳል። እንግዲህ የጎረቤቱ ሕዝብ ጤና በማሽኑ ብቻ ሳይሆን በሠራተኛው ማስተዋልም ይወሰናል ማለት ነው።

ለቤታችንስ?

የእኛም እሳት በዚሁ ሕግ ይገዛል። በተዘጋ ቤት የሚነድ ከሰል በቂ አየር አያገኝም። ያን ጊዜ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ይበዛል። ይህ ጋዝ አይታይም፤ አይሸትም። የተኛን ሰው ሳይነቃ ይገድላል። ከሰሉ ቀልቶ ጭሱ ቢጠፋም ጋዙ መውጣቱን አያቆምም። ስለዚህ የነደደ ከሰል ይዛችሁ በር ዘግታችሁ አትተኙ። ብርድ ቢሆንም ማንደጃውን ወደ ውጭ አውጡ። ይህን ለማያነብ ጎረቤታችሁም ንገሩ።

ጥያቄዎች

1. የኩራዝ እሳትና የቡታጋዝ እሳት በምን ይለያያሉ?
2. ማሽኑ ለምን በአራተኛው ደረጃ አይነሣም?
3. በአራተኛው ደረጃ ጋዙ የሚቀላቀለው በየትኛው ክፍል ነው? የሚነደውስ?
4. ቀልቶ የሚነድ ከሰል ቤት ውስጥ ይዞ መተኛት ለምን ያሰጋል?

መልሱን በደብተራችሁ ጻፉ። ከጻፋችሁም በኋላ ጮክ ብላችሁ ለቤተሰባችሁ አንብቡላቸው። ደኅና ሁኑ።