የሰሊጥ ቆባ ለምን ይከፈታል?

በሁመራና በመተማ ሰሊጥ የሚያመርት ገበሬ በመስከረም መጨረሻና በጥቅምት ዕረፍት የለውም። የሰሊጥ ተክል ከታች ወደ ላይ እያበበ ስለሚሄድ፣ ፍሬውን የያዙት የታችኞቹ ቆባዎች ሲደርሱ የላይኞቹ ገና አረንጓዴ ናቸው። ቀድሞ ቢያጭድ ያልሞላ ፍሬ ያገኛል፤ ቢዘገይ የደረሱት ቆባዎች ተከፍተው ፍሬያቸው መሬት ላይ ይረግፋል። ስለዚህ ቅጠሉ ቢጫ መሆን ሲጀምር አጭዶ ነዶውን ቀጥ አድርጎ ያቆመዋል። ቆባው የሚከፈተው ከጫፉ በመሆኑ፣ ነዶው እስካልተጋደመ ድረስ ፍሬው በአብዛኛው በውስጡ ይቆያል። ሲደርቅ ሸራ ላይ ዘቅዝቆ ያራግፈዋል።

ለመሆኑ ቆባውን የሚከፍተው ምንድን ነው? ብዙዎቻችን «ፀሐይ ስላደረቀው ነዋ!» እንል ይሆናል። ይህ ግን ግማሹ መልስ ነው። ቆባው ከመድረቁ አስቀድሞ ተክሉ ራሱ የመሰንጠቂያውን መስመር አዘጋጅቶ ይጠብቃል።

እስቲ ወደ ሴሉ ጠጋ ብለን እንመልከት። ለዕፅዋት ሴል ግድግዳ ጥንካሬ የሚሰጡት የሴሉሎስ ክሮች ናቸው፤ አንዱን ሴል ከጎረቤቱ ጋር የሚያጣብቀው ግን በፔክቲን የበለጸገ ስስ ንጣፍ ነው። (ማርማላታን የሚያረጋው ይኸው ፔክቲን ነው።) ፍሬ ሲበስል በመሰንጠቂያው መስመር ላይ ፔክቲንን የሚቆራርጡ ኢንዛይሞች ይመነጫሉ፤ ከእነዚህ አንዱ ፖሊጋላክቱሮኔዝ ይባላል። ማጣበቂያው ሲሟሟ ሴሎቹ ጎን ለጎን ቢቀመጡም አጥብቆ የሚያስተሳስራቸው ነገር አይኖርም። በአጠገባቸው ያሉት ሴሎች ደግሞ በተቃራኒው ግድግዳቸውን በሊግኒን፣ ማለትም እንጨትን በሚያጠነክረው ንጥረ ነገር፣ ያደነድናሉ።

ፀሐይ ሥራዋን የምትጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። ውሃው ሲተን የቆባው ለስላሳ ክፍል ይኮማተራል፤ ሊግኒን የተሸከመው ውስጠኛ ክፍል ግን እምብዛም አይኮማተርም። ከዚህ አለመመጣጠን የሚመነጨው ውጥረት ቆባውን በደካማው መስመር ይሰነጥቀዋል።

ዝግጅቱ በጂን የሚታዘዝ መሆኑ እ.ኤ.አ. በ2000 የጎመን ዘመድ በሆነችው አራቢዶፕሲስ ላይ ታይቷል፤ ሻተርፕሩፍ የተባሉት ሁለት ጂኖች ሥራቸውን ሲያቆሙ ቆባዋ አይከፈትም።

ታዲያ የማይከፈት ሰሊጥ ቢገኝስ? ተገኝቷል። እ.ኤ.አ. በ1943 ላንግሃም የተባሉ ተመራማሪ እንዲህ ያለውን ተክል በቬኔዝዌላ አገኙ። ደስታው ግን ሙሉ አልነበረም፦ ቆባው ከመጠን በላይ ጠንካራ በመሆኑ ፍሬው ሲወቃ ይጎዳል፤ ምርቱም አነስተኛ ሆነ። ከዚያ ወዲህ የዝርያ ማሻሻያ ባለሙያዎች የሚፈልጉት መካከለኛውን ነው፤ ጫፉን ገርበብ አድርጎ እስከ አጨዳ ድረስ ፍሬውን የሚይዝ ቆባ። እንዲህ ያሉ ዝርያዎች በአሜሪካ፣ በቴክሳስ፣ በኮምባይነር ይታጨዳሉ። በሁመራ ሰሊጥ ዛሬም በአብዛኛው የሚታጨደው በማጭድ ነው።